ባሕሩ የማን አካባቢ ነው?

መንግሥት ጀማሪ የአካባቢ ባለሙያ ሲቀጥር ምን የሚጠይቅ ይመስላችኋል? ዲግሪ፣ መንጃ ፈቃድና ሽታ የሚችል አፍንጫ ነው። የጎረቤቴ ልጅ ናሆም ሦስቱንም አሟልቶ ተቀጠረ። ጣጣው የመጣው እናቱ የሐበሻ ሰፈራችንን ፌርፋክስን ዞራ "ልጄ የአካባቢ ባለሙያ ሆነልኝ!" ስትል ነው።

የአካባቢ ከተባለ የእኛም አካባቢ ነዋ! አንዱ ፓርኪንግ የት እንደማይጠፋ ጠየቀው፤ ሌላው ሚድ ሲቲ ሰፈር ርካሽ አፓርትመንት ፈልግልኝ አለው። ልጁ ግን ሥራው የፍሳሽ ውሃ መመርመር ነው።

ባለፈው ሳምንት ምሳ ልጋብዘው እትዬ ብርቄ ምግብ ቤት ይዤው ስሄድ፣ እትዬ ራሳቸው ደጅ ወጥተው የመጥበሻ ዘይት መንገድ ዳር ባለው የዝናብ ውሃ መውረጃ ሲደፉ ደረስን። ናሆም ሥራው ትዝ አለው።

"እትዬ፣ ፕሊስ! እዚህ ዳምፕ አያድርጉ፤ ቀጥታ ባሕር ነው የሚገባው።"

እትዬ ብርቄ ድስታቸውን ሳያቀኑ ቀና ብለው አዩት።

"ባሕሩ ደግሞ ያንተ አካባቢ ነው?"

ናሆም አግዘኝ በሚል ዓይን ወደ እኔ ዞረ። እኔ ምን አፍ አለኝ? በስልክ ያዘዝኩት ዓሣ ገና እሳቸው ኩሽና ውስጥ ነው።