መዳን ያልነበረባቸው አይጦች

(የምርምር ቤት የእንስሳት ክፍል። በቀኝ መደርደሪያ ዐሥራ ሁለት የአይጥ ቤት፣ በግራ መደርደሪያ ዐሥራ ሁለት። በየቤቱ አይጧ የምትሮጥባት፣ ዙሯን የሚመዘግብ ቆጣሪ ያላት ትንሽ መንኮራኩር አለች። ዶክተሩ ነጭ ጋዋን ለብሶ ላፕቶፕ ታቅፏል፤ ገና ወጣት ነው። ቀላቢው፣ አይጦቹን የሚያበላና የሚያጠጣ ጠና ያለ ሰው፣ ወለል ላይ የፈሰሰ ሰጋቱራ ይጠርጋል።)

ዶክተሩ፦ ቁጥር ዐሥራ አራት ነው የምልዎት፣ ጋሼ።

ቀላቢው፦ እኔም እኮ እሷን ነው የምልዎት። ምራቴን።

ዶክተሩ፦ ምራትዎ አይደለችም። ቁጥር ዐሥራ አራት ናት።

ቀላቢው፦ ምራቴማ እንዳልሆነች አውቃለሁ። ግን ጠዋት ስገባ ፊቷን አዙራ ትቀመጣለች። ምግብ ሳስቀምጥላትም መጀመሪያ አሽትታ፣ ከዚያ እኔን አይታ ነው የምትበላው። ቁርጥ ምራቴ።

ዶክተሩ፦ በሳይንስ አይጥ ስም የለውም። ስም ከሰጡት ይወዱታል። ከወደዱት ያዳሉለታል። ካዳሉለት ምርምሩ ገደል ገባ።

ቀላቢው፦ እኔ አላዳላም። (መጥረጊያውን እያየ) በማዳላት እንኳን አልታማም።

ዶክተሩ፦ ይተዉት። ከአንድ ሰዓት በኋላ ኮሚቴ ፊት እቀርባለሁ። ሦስት ዓመት የለፋሁበት ሥራ ዛሬ ሊዘጋ ነው፤ እርስዎ ስለ ምራትዎ ያወሩኛል።

ቀላቢው፦ ለምን ይዘጋል?

ዶክተሩ፦ ብነግርዎትም አይገባዎትም።

ቀላቢው፦ እሱስ ልክ ነዎት። (ይጠርጋል። ቆም ይላል) ቀስ ብለው ቢነግሩኝስ?

ዶክተሩ፦ (በረጅሙ ተንፍሶ) እሺ። እነዚህ አይጦች ሁሉም በዘር የወረሱት በሽታ አለባቸው። እግራቸው ይንቀጠቀጣል።

ቀላቢው፦ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ዶክተሩ፦ አያቋርጡኝ። ለቀኞቹ መድኃኒት የገባበት ውሃ ይሰጣል፤ ባለ ቀይ ክዳኑ ጠርሙስ። ለግራዎቹ ባዶ ውሃ፤ ባለ ሰማያዊ ክዳኑ። የቀኞቹ ድነው የግራዎቹ ካልዳኑ መድኃኒቱ ሠራ ማለት ነው።

ቀላቢው፦ ታዲያ ዳኑ አይደል እንዴ?

ዶክተሩ፦ ሁለቱም ወገን ዳኑ።

ቀላቢው፦ እሰይ።

ዶክተሩ፦ ምን እሰይ አለው? ባዶ ውሃ ጠጥተው ዳኑ እኮ ነው የምልዎት። ባዶ ውሃ የሚያድን ከሆነ የእኔ መድኃኒት ለምን አስፈለገ? መዳን ያልነበረባቸው ዳኑ።

ቀላቢው፦ ሰው ሲሞት ነበር የሚለቀሰው። እርስዎ ደግሞ ዳኑብኝ ብለው ሊያለቅሱ ነው።

ዶክተሩ፦ ቢሆንም ጥፋቱ የት እንዳለ ደርሼበታለሁ።

ቀላቢው፦ (መጥረጊያው ከእጁ ይወድቃል) ደረሱበት?

ዶክተሩ፦ ደረስኩበት።

ቀላቢው፦ ዶክተር፣ መቼም ሰው ነኝ። ክፋት አስቤ አይደለም፣ አንጀቴ አልችል ብሎኝ እንጂ...

ዶክተሩ፦ መስኮቱ ነው።

ቀላቢው፦ መስኮቱ?

ዶክተሩ፦ የግራው መደርደሪያ መስኮት ሥር ነው። የፊዚክስ ባለሙያ አማከርኩ። ብርሃኑ ነው የቀሰቀሳቸው ብሎ ዐሥር ገጽ ጻፈልኝ።

ቀላቢው፦ (መጥረጊያውን እያነሳ) ዐሥር ገጽ። መስኮቱን ግን ቁም ሳጥኑ ጋርዶታል እኮ።

ዶክተሩ፦ (ዞሮ ያያል) ይሄ ቁም ሳጥን መቼ መጣ?

ቀላቢው፦ እኔ ከመቀጠሬ በፊት።

ዶክተሩ፦ (ላፕቶፑ ላይ ይሰርዛል) እንግዲያው ዘራቸው ነው። የዘረ መል ባለሙያዋ ነግራኝ ነበር። የግራዎቹ ከጠንካራ ቤተሰብ የመጡ መሆን አለባቸው።

ቀላቢው፦ ሁሉም እኮ የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። በአንድ ካርቶን አምጥተው ነው ያስረከቡኝ። ግማሾቹን በቀኝ፣ ግማሾቹን በግራ ያስቀመጥኳቸው እኔ ነኝ።

ዶክተሩ፦ በምን መርጠው?

ቀላቢው፦ ቀኝ እጄ ያነሳውን በቀኝ፣ ግራ እጄ ያነሳውን በግራ።

ዶክተሩ፦ (ይሰርዛል) በቃ፣ የቀረው አንድ ነው። እንዲያውም ይሄኛው እርግጠኛ ነው። የሰው እጅ ነው ያበላሸው።

ቀላቢው፦ (መጥረጊያው እንደገና ይወድቃል) ይቅር ይበሉኝ። ዛሬ እነግራቸዋለሁ ነገ እነግራቸዋለሁ እያልኩ...

ዶክተሩ፦ የመሐንዲሱ እጅ።

ቀላቢው፦ የመሐንዲሱ?

ዶክተሩ፦ መንኮራኩሮቹን የሠራው እሱ ነው። ዘይት አብዝቶባቸው ይሆናል። አይጧ በትንሹ ስትነካው ብዙ ይዞራል፤ እኛ የዳነች መሰለን።

ቀላቢው፦ ዘይቱ ከሆነ የተናካሹ ለምን አይዞርም?

ዶክተሩ፦ የማን?

ቀላቢው፦ የተናካሹ። ያ ጥግ ላይ ያለው።

ዶክተሩ፦ ቁጥር ዐሥራ ዘጠኝ? እሱን ይተዉት። ከሃያ አራቱ ያልዳነ እሱ ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ከሌሎቹ የተለየ ሲገጥመን ከስሌት እናወጣዋለን።

ቀላቢው፦ እኔም አውጥቼዋለሁ።

ዶክተሩ፦ ከምን?

ቀላቢው፦ ከ... (ወደ አይጦቹ ዞሮ) ሥራው ሲዘጋ እነሱ የት ይሄዳሉ?

ዶክተሩ፦ እነማን?

ቀላቢው፦ ምራቴ። ባልቴቷ። መንቶቹ።

ዶክተሩ፦ ይወገዳሉ።

(ቀላቢው መጥረጊያውን ግድግዳ ላይ ያስደግፋል። እጁን በሱሪው ይጠርጋል።)

ቀላቢው፦ እንግዲያው ልናገር። ቢያባርሩኝም ያባርሩኝ። ዶክተር፣ እኔ መንታ ነኝ። አባቴ ማስተማር የሚችለው አንዳችንን ብቻ ነበር። ወንድሜ ትምህርት ቤት ገባ፤ እኔ ደብተሩን ይዤለት እየሄድኩ በር ላይ እመለስ ነበር።

ዶክተሩ፦ ጋሼ፣ አሁን የሕይወት ታሪክ የሚነገርበት ሰዓት ነው?

ቀላቢው፦ ነው። እርስዎ በየጠዋቱ ሁለት ጠርሙስ አስቀምጠው ይሄዳሉ። ለእነዚህ ይስጡ፣ ለእነዚያ ይከልክሉ ይሉኛል። የግራዎቹ እግራቸው እየተንቀጠቀጠ፣ ሽቦውን ይዘው ያዩኛል። በር ላይ የቀረ እንዴት እንደሚያይ አውቀዋለሁ።

ዶክተሩ፦ (ቀስ ብሎ) ምን አደረጉ?

ቀላቢው፦ ሁለቱን ጠርሙስ ጆግ ውስጥ ቀላቀልኳቸው። ከዚያ ለሁሉም እኩል። ጠብታ አላዳላሁም። አላዳላም ብዬ ነግሬዎት ነበር።

(ዶክተሩ ወንበር ይፈልጋል። የለም። የሰጋቱራው ከረጢት ላይ ይቀመጣል።)

ዶክተሩ፦ ከመቼ ጀምሮ?

ቀላቢው፦ ከመጀመሪያው ቀን።

ዶክተሩ፦ ዘጠና ቀን ሙሉ?

ቀላቢው፦ ሰማንያ ስምንት። ሁለት ቀን አሞኝ ቀርቼ ነበር፤ ተተኪው እርስዎ እንዳሉት ነው የሰጣቸው።

ዶክተሩ፦ የፊዚክስ ሰው ጠየቅኩ። የዘረ መል ሰው ጠየቅኩ። መሐንዲስ ጠየቅኩ።

ቀላቢው፦ እኔን የጠየቀኝ የለም።

ዶክተሩ፦ ገደሉኝ፣ ጋሼ። ሁሉም ከጠጡ በምን ላወዳድር? ያልቀመሰ አንድ እንኳን ቢኖረኝ።

ቀላቢው፦ አንድማ አለ።

ዶክተሩ፦ ምን አሉኝ?

ቀላቢው፦ ተናካሹ። ገና የመጀመሪያው ቀን ውሃውን ሳልሰቅልለት ጣቴን ነከሰኝ። (ጣቱን ያሳያል) እዚያው ደገመኝ። ካልክማ የቧንቧ ውሃ ትጠጣለህ አልኩት። ማዳላት አይደለም፤ ቅጣት ነው።

ዶክተሩ፦ (ተነስቶ) ያልጠጣው አልዳነም። የጠጡት በሙሉ ዳኑ። ያውም ተቀላቅሎ፣ በግማሽ መጠን። (ግንባሩን ይዞ) መልሱ ጥግ ላይ ተቀምጦልኛል፤ እኔ ደግሞ ከስሌት አወጣሁት።

ቀላቢው፦ ሁለታችንም አወጣነው። እኔስ ነክሶኝ ነው። እርስዎን ምን አደረገዎት?

ዶክተሩ፦ (ይንጎራደዳል) ግን ማን ያምነኛል? የትኛው ቀን ምን እንደተሰጣቸው ማስረጃ ይሉኛል። በቃል አይሆንም።

ቀላቢው፦ (አፍሮ) አይሳቁብኝና... ጽሕፈት አይሆንልኝም። (መደርደሪያውን ገፋ ያደርጋል። ከኋላው ግድግዳው በእርሳስ ጭረት ተሞልቷል) እያንዳንዱ ጭረት አንድ ቀን ነው። ሥሩ ያለው ክብ ተናካሹ የቧንቧ ውሃ የጠጣበት ነው። ኤክሷ የነከሰኝ ቀን ናት። እነዚህ ሁለቱ ባዶዎች እኔን ያመመኝ ጊዜ።

ዶክተሩ፦ (ጎንበስ ብሎ ይቆጥራል። ላፕቶፑን ይከፍታል። እንደገና ግድግዳውን ያያል) በእነዚህ ሁለት ቀናት የግራዎቹ ሩጫ ቀንሶ ነበር።

ቀላቢው፦ ባዶ ውሃ ጠጥተው ነዋ።

ዶክተሩ፦ እኔ እኮ የቆጣሪው ብልሽት ነው ብዬ ሰረዝኩት።

ቀላቢው፦ ብዙ ይሰርዛሉ፣ ዶክተር።

(ዶክተሩ ግድግዳውን በስልኩ ፎቶ ያነሳል። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ደግሞ ሦስተኛ።)

ዶክተሩ፦ አንድ አይጥ ሙሉ ማስረጃ አይሆንም። ሥራውን ከመዝጋታችሁ በፊት ሦስት ወር ጨምሩልኝ፣ በሥርዓት ልድገመው ለማለት ግን ይበቃል። (ጋዋኑን እያስተካከለ፣ ለኮሚቴው የሚናገር ያህል ጉሮሮውን ይጠርጋል) የተከበራችሁ የኮሚቴ አባላት፣ ተናካሹ የተባለው...

ቀላቢው፦ ቁጥር ዐሥራ ዘጠኝ ይበሉ እንጂ። ስም ከሰጡት ይወዱታል።

ዶክተሩ፦ (አንገቱን ደፍቶ) ቁጥር ዐሥራ ዘጠኝ። (በሩ ጋ ደርሶ ይመለሳል) ጋሼ፣ ሦስቱን ወር ከሰጡኝ ግን በዚህኛው ዙር ግማሾቹ ጠብታ እንዳይቀምሱ። ይችላሉ?

ቀላቢው፦ አልችልም።

ዶክተሩ፦ ካልቻሉ እኮ ሥራውም ይዘጋል፣ እነሱም ይወገዳሉ።

ቀላቢው፦ ገብቶኛል። ግን ሽቦውን ይዘው ሲያዩኝ አልችልም። እጄ ራሱ ይቀላቅለዋል።

ዶክተሩ፦ ምን ይሻላል ታዲያ? እኔ እኮ ሌላ የሚያበላቸው ሰው የለኝም።

ቀላቢው፦ (የቀኙን መደርደሪያ ያያል። የግራውን ያያል። የተነከሰ ጣቱን ያሻል) አንድ መላ አለ።

ዶክተሩ፦ ይንገሩኝ።

ቀላቢው፦ መጀመሪያ ግማሾቹ ይንከሱኝ።