ለውሻዬ ጸሎት ብጠይቅ ሽማግሌ መጣብኝ

እስቲ ቁጭ በሉ። ይሄ ቆሞ የሚሰማ ጉድ አይደለም!

ዛሬ ኦክላንድ ውስጥ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በገዛ ሰፈሬ መንገድ ላይ ትዳሬ በሽማግሌ ሲታይ ዋለ።

ትዳሬ ምንም አልሆነም እኮ!

ከሥሩ ልጀምርላችሁ። እኔና ባለቤቴ ዮኒ ሻምበል የሚባል ውሻ አለን። ቺዋዋ ነገር ነው፤ ከጫማዬ ብዙም አይበልጥም። ዮኒ ላጤ እያለ ያሳደገው ስለሆነ እስከ ዛሬ እኔን የሚያየኝ እንደ እንግዳ ነው። መሄጃዋን እንደረሳች እንግዳ።

ከዚያ አንድ ቀን ሳንታ ክላራ ሥራ ቦታ፣ ስብሰባ ላይ ሆኜ (አትፍረዱብኝ!) የውሾች መጠለያ ገጽ በስልኬ ስጎረጉር አየኋት።

ፓንኬክ!

አዎ፣ ስሟ ነው። መጠለያው ነው ያወጣላት። ዘሯ ስታፎርድሻየር ቡል ቴሪየር ነው፤ ጭንቅላቷ ድስት ያክላል፣ ደረቷ የወጠምሻ ነው፣ ስትስቅ ደግሞ አፏ ከጆሮ እስከ ጆሮ ይደርሳል። ከሥሩ ታሪኳ ተጽፏል። ሁለት ቤት ወስዷት ሁለቱም መልሰዋታል። የመጨረሻዎቹ ባልና ሚስት ሲፋቱ "አንተ ውሰዳት፣ አንቺ ውሰጃት" ተባብለው መጠለያው በር ላይ ጥለዋት ሄዱ።

እዚያው ስብሰባ ላይ እንባዬ ዱብ አለ። አለቃዬ በበጀቱ የተነካሁ መስሎት አጽናናኝ።

ዮኒ አልፈለገም። "ሜሪ፣ ሻምበል ይበቃናል፤ ይቺ ቤት እኮ ለኛም ጠባናለች" አለኝ። ለመንኩት። አኮረፍኩ። ፎቶዋን ፍሪጅ ላይ ለጠፍኩ። በመጨረሻ "እሺ በቃ፣ ትራይ እናድርጋት" አለ።

የመጠለያው ደንብ እንዲህ ነው። ውሻዋን መጀመሪያ ለሙከራ ይሰጧችኋል። ከዚያ አንድ ሠራተኛ ቤት ድረስ መጥታ ሁለቱ ውሾች አብረው ሲሆኑ ታያለች። ከተስማሙ የናንተ ናት። ካልተስማሙ ትመለሳለች። ፓንኬክ ለሦስተኛ ጊዜ ልትመለስ ማለት ነው!

ያቺ ቀን ዛሬ ነበረች።

እና ተስማምተዋል ወይ? ኧረ ምን ተስማምተው! ውሃ ልትጠጣ ስትነሳ ሻምበል ይጮህባታል። ዞር ብትል ይጮህባታል። ብታስነጥስ ራሱ ይጮህባታል። መንገድ ላይ ሰው ሁሉ ፒትቡል መስላው የሚሸሻት ውሻ፣ ጫማ ከሚያክል ፍጡር ተደብቃ ሻወር ቤት ትተኛለች። ለሕፃን የሚገዛውን አጥር በመሃላቸው አቁመን ነው የከረምነው።

መጠለያው "ሁለታችሁም ሆናችሁ መንገድ አውጥታችሁ ጎን ለጎን ወክ አድርጓቸው" ብሎን ነበር። ግን ዮኒ ሌሊት ሆስፒታል ይሠራል፣ እኔ ቀን። የምንገናኘው በር ላይ ነው። እሱ የራሱን ያዞራል፣ እኔ የራሴን።

ዛሬ ጠዋት ጭንቀት ሲያፍነኝ የቤተሰብ ግሩፓችን ላይ የጸሎት ርዕስ ልልክ ወሰንኩ። ግሩፑ ውስጥ ሄይዋርድ ያለችው እናቴ አለች፣ አክስቶቼ አሉ፣ የአክስቶቼ ልጆች አሉ፣ የቤተክርስቲያን ሰው ሁሉ አለ።

ስለ ውሻ ግን እንዴት ልጻፍ? እናቴ ሻምበልን ራሱ ገና አልተቀበለችውም! ይቺን የምታክል ሁለተኛ ውሻ ቤት ውስጥ አለች ብዬ እንዴት አፌን ሞልቼ ልናገር? ስለዚህ ጠቅለል አድርጌ ጻፍኩት። መቼም እኛ ጋ ለጸሎት ርዕስ ዝርዝር አይጠየቅም።

"የተወደዳችሁ፣ ዛሬ ከሰዓት በጸሎት አስቡን። ቤታችን ውስጥ ሰላም ከጠፋ ሰንብቷል። ዛሬ ወይ አብረን እንቀጥላለን፣ ወይ እንለያያለን።"

ላክሁት። ስልኬን ቻርጅ ላይ ሰካሁት። ቤት ማጽዳት ጀመርኩ።

እናንተ ገና ስታነቡት ገባችሁ አይደል? እኔ አልገባኝም! ስጽፈው በዓይኔ ላይ የነበረው ውሻ ብቻ ነው።

ከሰዓት በር ተንኳኳ። የመጠለያዋ ሠራተኛ ናት ብዬ በሩጫ ከፈትኩ።

ጋሽ ተስፋዬ! ሙሉ ሱፍ ከነክራቫታቸው! ከሳን ሆዜ ድረስ!

የማታውቋቸው ካላችሁ፣ ጋሽ ተስፋዬ የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። እኛ ባለንበት ቤይ ኤሪያ ውስጥ ባልና ሚስት ከተጣላ በሳቸው እጅ ሳያልፍ አይቀርም።

"ሜሮን ልጄ" አሉኝ፤ እንባ አቅርረዋል። "ምነው ቀደም ብለሽ ብትነግሪኝ?"

"ምኑን ጋሼ?"

"ግዴለም። እናትሽ ነግራኛለች" ብለውኝ ገቡ።

ከኋላቸው የቤተክርስቲያናችን ጋሽ ግርማ አሉ። አንድ እግራቸውን አስገቡ። ፓንኬክ ከሻወር ቤት አንገቷን አውጥታ ሳቀችላቸው። እግራቸውን መልሰው አወጡ፣ መኪናቸው ውስጥ ገቡ፣ በሩን ቆለፉ። ወዲያው የጋሽ ተስፋዬ ስልክ ጮኸ።

"ስፒከር ላይ አድርገኝ። ከዚሁ ሆኜ እካፈላለሁ።"

ዮኒ ከእንቅልፉ ተነስቶ ዓይኑን እያሸ ሲወጣ ሶፋው ላይ ሱፍ የለበሱ ሽማግሌ አየ። እኔ ያስጠራኋቸው መሰለው። "አይደለም" ልል አፌን ስከፍት ጋሽ ተስፋዬ እጃቸውን አነሱ።

"መጀመሪያ እሱ ይናገር።"

ይስቃል ብዬ ጠበቅኩ። "ምን ችግር አለ ጋሼ፣ ደህና ነን" ይላል ብዬ።

"እውነቱን ለመናገር ጋሼ..." አለ ዮኒ።

እውነቱን ለመናገር?! ምን እውነት አለ?!

"አልጋ ላይ ቦታ የለኝም። ጠዋት ከሥራ ስመጣ የኔ ቦታ ተይዟል።"

ጋሽ ተስፋዬ ደረታቸውን ያዙ። ከስልኩ ውስጥ ጋሽ ግርማ "በኢየሱስ ስም!" አሉ።

"ውሻዋን ነው ጋሼ!" ብዬ ጮህኩ። "እኔ ሥራ ስሄድ ትወጣበታለች፣ ውሻዋ!"

"እኔ ፊት ስድብ የለም" አሉኝ ቆጣ ብለው።

በሩ ዳግመኛ የተንኳኳው ይሄኔ ነው። አሁን እውነተኛዋ ሠራተኛ ናት። ኬይላ ትባላለች፤ ፈገግተኛ ልጅ ናት፣ እጇ ላይ ወረቀት ይዛለች። ሻምበል አጥሩን ሊጥሰው ደርሷል፣ ያብዳል። የሚሰማ ነገር የለም።

ጋሽ ተስፋዬ ብድግ አሉ። "እዚህ ጩኸት ውስጥ አይሆንም። ተነሱ፣ ወክ እናደርጋለን።"

የሳቸው አሠራር ይኸው ነው። የተጣላን ሰው ፊት ለፊት አስቀምጠው አያነጋግሩም። ግራና ቀኝ አድርገው መሃል ይገቡና እስኪደክማቸው ያስኬዷቸዋል።

ውሾቹን አንድ ላይ ትቶ መውጣት አይቻልም። ዮኒ ሻምበልን ያዘ፣ እኔ ፓንኬክን። ኬይላ መጠለያው ያዘዘን የጎን ለጎን ወክ መስሏት፣ ደስ ብሏት "ኦ፣ ፓራለል ወክ! ላቭ ኢት!" አለችና ተከተለችን።

ሰልፉን እዩልኝ! በግራ ዮኒ ከነሻምበል። መሃል ጋሽ ተስፋዬ በሱፍ። በቀኝ እኔ ከነፓንኬክ። ከኋላ ኬይላ እየጻፈች። ከሷ ኋላ የጋሽ ግርማ መኪና፣ ፍሬቻውን በሁለት ጎኑ እያበራ፣ በእግረኛ ፍጥነት። መስኮቱ ጣት በሚያሾልክ ክፍተት ተከፍቷል።

"ትዕግሥት ነው ልጆች! ትዕግሥት!" ይላል መኪናው።

ታኮ የሚሸጥበት መኪና ጋ የተሰለፈው ሰው በሙሉ ዞሮ አየን። አንዱ ምን እንደሆንን ሳያውቅ አጨበጨበልን።

ዮኒ ግን ቀጥሏል! አንዴ ከከፈተው ማን ያቁመው?

"ጋሼ፣ አብረን ወክ የወጣነው መቼ እንደሆነ አላስታውስም" አለ። "እሷ ስትገባ እኔ እወጣለሁ። ቅዳሜ አንድ ከሰዓት ነበረችን። እሷንም አሁን የውሻ ማሠልጠኛ ቪዲዮ ወሰዳት።"

እዚህ ጋ መሳቅ አቃተኝ። እውነቱን ነው። ቅዳሜያችንን ወስጃለሁ፣ ያውም ሳላስተውለው።

አንገቴን ደፋሁ። ስደፋ ነው ውሾቹን ያየሁት።

ጩኸት የለም! ለካ ከወጣን ጀምሮ ጩኸት የለም!

ፓንኬክ ያሸተተችውን ዛፍ ሻምበል ያሸታል። እሷ ስትቆም ይቆማል። መብራት ይዞን ስንጠብቅ ፓንኬክ ቁጭ አለች፤ ሻምበል ዞር ዞር ብሎ ጥላዋ ሥር ገባና ጎኑን እግሯ ላይ ደገፍ አደረገ። የኔው ሻምበል! ያን ሁሉ የጮኸባት እሱ እንዳልሆነ!

እኔም እየዘለልኩ ጮህኩ። ኬይላ "ዜይ አር ዱዊንግ አሜይዚንግ!" አለች። አበቃ! ፓንኬክ ልትቀር ነው!

"ባት..." አለች ኬይላ።

ጋሽ ተስፋዬን አየች። ዮኒን አየች። የሚከተለንን መኪና አየች። "ኢዝ ኤቭሪቲንግ ኦኬይ አት ሆም? ፓንኬክ ባለፈው የተመለሰችው በፍቺ ስለሆነ ሊለያይ ላለ ቤት አሳልፌ አልሰጣትም" አለችኝ በእንግሊዝኛዋ፣ በትሕትና።

"ኖ ኖ! ዊ አር ፋይን!" አልኩ።

ጋሽ ተስፋዬ ደግሞ በሽምግልና ላይ ውሸት አይወዱም።

"ኖ" አሏት። "ዜይ አር ኖት ፋይን። አይ ኬም ፍሮም ሳን ሆዜ።"

የኬይላ እስክሪብቶ ቆመ።

ምን አማራጭ አለኝ? እዚያው መብራቱ ሥር ቆሜ ሁሉን ተናዘዝኩ። ግሩፑ ላይ የጻፍኩት ስለ ውሾቹ ነው፤ ሊለያዩ የነበሩት ውሾቹ ናቸው፤ እናቴን ፈርቼ ነው ያድበሰበስኩት።

ጋሽ ተስፋዬ ክራቫታቸውን ላላ አደረጉ።

"ጸሎቱ ለማን ነው አለች?" አሉ ጋሽ ግርማ ከመኪናው።

"ለውሻ" አሉ ጋሽ ተስፋዬ።

መስኮቱ ቀስ ብሎ ተዘጋ።

"እናትሽ ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሰችም" አሉኝ ጋሽ ተስፋዬ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ! ክራቫታቸውን አስተካከሉ። "መቼም አንዴ መጥቻለሁ። ሳላስታርቅ አልመለስም። ዮናስ፣ አንተ ተናገር። ይቺ ውሻ ትሂድ ወይስ ትቆይ?"

ዮኒን! ከመጀመሪያውም ያልፈለጋትን ዮኒን!

ፓንኬክ ምንም ሳታውቅ ቀና ብላ ትስቅለታለች። ዮኒ እሷን አየ፣ ሥሯ የተወሸቀውን ሻምበልን አየ፣ መጨረሻ ላይ እኔን አየኝ።

"ትቆይ" አለ። "ከአልጋዬ ግን ትውረድ።"

መንገድ ላይ አቀፍኩት። ጋሽ ተስፋዬ ወደ ኬይላ ዞረው "ናው ዜይ አር ፋይን። አይ ጋራንቲ" አሏት። ኬይላ አምናቸዋለች፤ ስማቸውን ሬፈረንስ፣ ማለትም የቤቱ ምስክር፣ ብላ ጻፈች።

ውሳኔያቸው ይኸው። ፓንኬክ ከአልጋ ትወርዳለች። ቅዳሜ ከሰዓት አራታችንም ወክ እንወጣለን። እኔ ደግሞ ያደረግኩትን ለግሩፑም ለሕዝብም በዝርዝር ጽፌ ይቅርታ እጠይቃለሁ። "ግሩፑ ብቻ አይበቃም ጋሼ?" ብላቸው "ሰፈሩ በሙሉ አይቶናል" አሉኝ።

እንግዲህ በፈቃዴ የጻፍኩት መስሏችሁ ከነበረ፣ የሽማግሌ ቅጣት ነው ያነበባችሁት። ዮኒዬ፣ ይቅርታ። የአልጋህ ግማሽ ተመልሷል። (አሁን ተኝታበታለች፣ ግን አስነሳታለሁ!)

እናቴ ግሩፑ ላይ የጻፍኩትን ይቅርታ እስከ መጨረሻው አላነበበችውም። "አብረን ልንቀጥል ነው" የሚለው ጋ ስትደርስ እልል ብላ ለፓስተራችን ደውላለች። እሁድ እኔና ዮኒ መድረክ ላይ ወጥተን እንመሰክራለን።

እስቲ ምከሩኝ። ማይኩን ይዤ "ጌታ ያስታረቃቸው እነዚህ ናቸው" ስል የማሳየው የትኞቹን ነው? እኔንና ዮኒን ወይስ ሻምበልንና ፓንኬክን?

የሚገርመው፣ ሁለቱም ውሸት አይሆንም።