ከፈጠራ ነፃ

አንዳንድ ቃል እንደ ነገረኛ ጎረቤት ነው፤ በአንዱ በር ስቆ ይወጣል፣ በሌላው በር ጣጣ ይዞ ይገባል። እስቲ «ፈጠራ» የሚለውን ውሰዱት። ትምህርት ቤት ሲሉት ያሸልማል፤ ቀበሌ ሲሉት «የፈጠራ ወሬ» ሆኖ ያሳስራል። ይህን ያወቅኩት ልጄን አዝዬ ለአንዲት ወረቀት ስቅበዘበዝ ነው።

ገርጂ ስንኖር ታናሽ እህቴ አልማዝ ዐሥረኛ ክፍል ነበረች፤ እኔ ሳረግዝ ያቋረጥኩት ክፍል። የእጅ ሥራ መምህሯ ተማሪዎቹ አዲስ ነገር ሠርተው፣ ሸጠው፣ ራሳቸውን እንዲችሉ ሊያስተምር ይፈልጋል። ታዲያ በዚያ በደርግ ዘመን ማን ደፍሮ «ነግዱ» ይላል? «ትርፍ» ማለት ፈርቶ «ያቺ የምትተርፋችሁ ነገር» ይላቸዋል አሉ። ክፍሉ በሳቅ ይፈርሳል።

አልማዝ አፏ አያርፍም፤ ስለ ምድጃዬ አወራችለት። የሰጋቱራ ምድጃ መቼም አዲስ አይደለም። እኔ ግን ከልጄ የወተት ጣሳ ትንሽ ምድጃ ሠርቼ፣ ከጎኗ የምትከፈትና የምትዘጋ መስኮት አወጣሁላት፤ ስትዘጋ እሳቱ ይለዝባል፣ ወተቱ አይገነፍልም። መምህሩ ይህን ሲሰማ ፈጠራሽን ለተማሪዎቼ አስተምሪልኝ፣ እኔም በማታው ክፍል እንዲመዘግቡሽ ዳይሬክተሩን አናግራለሁ፣ ብቻ ከቀበሌ የድጋፍ ደብዳቤ አምጪ አለኝ። ምዝገባው ዓርብ ያበቃል። ሦስት ዓመት የጠበቅኩት ነገር! ከዚያ ወዲያ መቀመጥ አልቻልኩም፤ የጣሳዋን መስኮት ስከፍት ስዘጋ ዋልኩ።

ሐሙስ ቀበሌ ሄድኩ። ሊቀመንበሩ ምን ልታስተምሪ ነው አሉኝ። ድሮም ድምፄ ቀጭን ነው፤ «የምድጃ ፈጠራ» ስል አንድ የቦሌ አውሮፕላን በጣራው ላይ አለፈና «ምድጃ»ዬን ይዞብኝ ሄደ።

«ፈጠራ?» አሉ ከወንበራቸው ብድግ ብለው። «ለተማሪ? በማን ላይ ነው የፈጠርሽው?»

«ኧረ ጓድ ሊቀመንበር፣ በጣሳ ላይ ነው!»

«ጣሳ የማን ቅጽል ስም ነው?»

ጸሐፊው እስክሪብቶውን አነሣ። ማስረዳቱን ትቼ ሮጥኩና ምድጃዬን ይዤ ተመለስኩ። ልጄ ጀርባዬ ላይ ይስቃል፤ ሽርሽር መስሎታል። ለኮስኳት። ክረምቱ ገና አልወጣም፣ ቢሮው ይቀዘቅዛል፤ ጓድ ሊቀመንበሩ እጃቸውን ዘርግተው ሞቁ፣ መስኮቷን ከፈቱ፣ ዘጉ፣ ደግመው ከፈቱ። «አንቺ ልጅ፣ ይኼማ ፈጠራ አይደለም፣ ምድጃ ነው!» ብለው ፈገግ አሉ። እኔን በደብዳቤ ሸኙኝ፤ ምድጃዋ ግን ጉዳይዋ እስኪጣራ ቢሮ ትቆይ ተባለ።

ደብዳቤው «ጓዲት ከማንኛውም ፈጠራ ነፃ መሆናቸውን እናረጋግጣለን» ይላል። ፈጠራ እንዳስተምር የተጻፈ የድጋፍ ደብዳቤ እኮ ነው! ዓርብ ለዳይሬክተሩ ሰጠሁት። ማኅተሙን አየ፤ ከማኅተም በላይ ያለውን ማን ያነባል? መዘገበኝ። ተማሪዎቹንም፣ ምድጃዬ ስለታሰረች፣ ከባዶ ጣሳ ጀምሬ አስተማርኳቸው። የሠራናት እዚያው ክፍል ቀረች።

በማታው ክፍል የመጀመሪያ ፈተና ያው የእጅ ሥራ መምህሩ ምን ቢጠይቅ ጥሩ ነው? «ፈጠራ ምንድን ነው? የት ይገኛል?» መልሱን ከእኔ በላይ ማን ያውቃል? «ቀበሌ ነው፤ እየተጣራ ነው» ብዬ ጻፍኩ።

ሙሉ ነጥብ ሰጠኝ፤ ወረቀቱን ግን ሌላ ሰው ሳያየው ክፍል በቀረችው በእኔው ምድጃ አቃጠለው።