የመሪጌታ ቤት ሲመዘገብ

አንባቢ ሆይ፣ ሥራን ሳይሆን የሥራን ዕቅድ የሚወድ ሰው አጋጥሞዎት ያውቃል? እኔን ንፋስ መውጫ ከተማ ላይ አለቃዬ አቶ ሞላ አጋጥመውኛል። የከተማዋን ጥንታዊ ቤቶች እንመዘግባለን ብለው ሦስት ዓመት ሙሉ ቅጽ ሲያሳምሩ ኖሩ። ለመሆኑ ቅጽ የሌለው ቤት ምኑ ቤት ነው?

በመጨረሻ ለሙከራ ወጣንና አንድ አረጋዊ መሪጌታ ብቻቸውን የሚኖሩበት የድንጋይ ፎቅ ቤት ደረስን። ግራና ቀኙ ባዶ መሬት ነው።

«ቤትዎን ልንመዘግብ ነው፣ አባቴ» አልኳቸው።

መሪጌታ ዓይናቸው አያይም። ግድግዳውን በእጃቸው ዳሰሱ። «ፊት የመጡት መዝጋቢዎች የቀኙን ቤት ጻፉ፤ ክረምቱን ሳይሻገር ፈረሰ። ኋላ የመጡት የግራውን ጻፉ፤ እሱም ፈረሰ። ልጄ፣ የእኔን አትጻፈው» አሉኝ።

እስክሪብቶዬን ከቅጹ ላይ አነሳሁ። አቶ ሞላ ግን ሌላ ቅጽ አውጥተው «የፈረሱ» የሚል አዲስ ዓምድ ያሰምራሉ።

መሪጌታ አሳዘኑኝ። ባዶ ቤት አይመዘገብምና እንዲታለፍ ብዬ፣ አቶ ሞላ ሳያዩኝ፣ የነዋሪ ብዛት በሚለው ቦታ «ሰው የለም» ብዬ ጻፍኩ።

በሳምንቱ በዚያ ሳልፍ በሩ ተቆልፏል። ቤቱ እንደቆመ ነው።

«መሪጌታ እናንተ በመጣችሁበት ዕለት ዐረፉ» አለችኝ ከመንገዱ ማዶ ያለች ጎረቤታቸው።

በቀጥታ ቢሮ ገባሁና ሐሰት መጻፌን ለአቶ ሞላ ተናዘዝኩ። ቅጹን አውጥተው ደጋግመው አነበቡት።

«አትጨነቅ» አሉኝ ትከሻዬን መታ አድርገው፣ «አሁን እኮ መረጃው ትክክል ሆኗል።»