ወባ የተከለከለባት ከተማ

ከሰበታ አለፍ ብሎ ተፍኪ ሳይደረስ ያለችው ከተማችን በአመራር የታደለች ናት። የውበትና የአየር ንብረት ጽሕፈት ቤት ኃላፊያችን ኦቦ ጋሮማ የሥራ ሰው በመሆናቸው በእሳቸው ዘመን አፈር እንኳ ሥራ ፈትቶ አይተኛም።

ለአካባቢ ጥበቃ ቀን አደባባዩ በአበባ ያጊጥ ሲባል ለም አፈር ተፈለገ፤ በአዴ ወርቅቱ ማሳም ላይ ተገኘ። አዴ ወርቅቱ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ጤፍና ጓያ እየዘሩ ልጃቸውን ጂቱን ያሳደጉ ሴት ናቸው። ስካቫተር መጥቶ የላዩን አፈር ገፈፈ፤ ለአደባባዩ መሙያ ደግሞ የታቹን ቆፈረ።

«ኦቦ፣ ይሄን አፈር እኮ አባቴ ዕድሜውን በሙሉ ፍግ እያበላ ያለሰለሰው ነው!» አሉ።

«አዴ፣ አፈርዎ አልተወሰደም» አሏቸው ኦቦ ጋሮማ፤ «ወደ አደባባይ በእድገት ተዛውሯል።»

በበዓሉ ዕለት ስለ አፈር ጥበቃ ረጅም ንግግር ተደረገ። አበባው ወዲያው ደረቀ። ጉድጓዱን ግን ክረምቱ ሞላው፤ ኦቦ ጋሮማም ሪባን ቆርጠው «ሐይቅ» አሉት።

ድሮ ኅዳር ላይ ውርጭ እህል የሚያቃጥልበት አገር ነበር። አሁን አየሩ ሞቆ ሰው ያለ ጋቢ መተኛት ጀምሯል። ለሐይቁም ጎብኚ አልጠፋም፤ ቢምቢ ከነቤተሰቧ መጣች።

ብዙም ሳይቆይ አዴ ወርቅቱ በጠራራ ፀሐይ ይንቀጠቀጡ ጀመር። ጂቱ ደግፋ ጤና ጣቢያ ወሰደቻቸው። ነርሷ ኢየሩስ ደማቸውን አስመርምራ «ወባ ነው» አለች።

ወሬው እንደ ደረሰ ኦቦ ጋሮማ ስብሰባ ጠሩ። «ወባ የቆላ ነው፣ እኛ ደጋ ነን!» አሉ ጠረጴዛውን እየደበደቡ። «እዚህ ወባ አለ ማለት የከተማችንን ከፍታ ዝቅ ማድረግ ነው!» ቤቱ በጭብጨባ ተናወጠ። ከዛሬ ጀምሮ በከተማችን ወባ እንደሌለ፣ መድኃኒቱም ከቆላ ይዞት ለመጣ ሰው ብቻ እንደሚሰጥ ተወሰነ።

ኢየሩስ አንገቷን ደፍታ ጠየቀች። «አዴ፣ ከየት ነው የመጡት?»

«ከቤቴ።»

«ቆላ ወርደው ያውቃሉ?»

«ኧረ እኔ ከተፍኪ ገበያ አልፌ አላውቅም።»

«እንግዲያው... አልታመሙም።»

«ሄዳለች!» ብላ ጂቱ ጮኸች። «መተሐራ! እህቷ ጋ!»

«እኔ? እህት የለ...»

«ዝም በዪ፣ እማ!»

መድኃኒቱ ተሰጠ። ከዚያ ወዲያ ሰፈሩ በሙሉ ከመተሐራ የመጣ ሆነ፤ ከአልጋ መውረድ ያቃታቸው ሽማግሌ ሳይቀሩ መተሐራ ደርሰው ተመለሱ። ጽሕፈት ቤቱም የነዋሪው የጉዞ ባህል ማደጉን በደስታ ገለጸ።

መዋሸት ያቃተው አንድ ሰው ብቻ ነበር። እዮብ ከደቡብ መጥቶ ፋብሪካ የሚሠራ፣ ጸሎት የማያስታጉል አማኝ ነው። በትኩሳት የሚነድ ሕፃኑን ታቅፎ ገባና «ከየት መጣ?» ሲባል «ልጄ እዚሁ ተወልዶ የትም አልሄደም» አለ። ኢየሩስ ልዩ ፈቃድ ለመለመን ወደ ጽሕፈት ቤቱ ሮጠች። ኦቦ ጋሮማ ስብሰባ ላይ ነበሩ። ስብሰባው አለቀ፤ ልጁ ግን ከስብሰባው ቀድሞ አለቀ። የሞቱ ምክንያት «ብርድ» ተባለ፤ ለደጋ የሚመጥን በሽታ ነውና።

ቢምቢ ግን ሥልጣን አታውቅም። ሰንበት ሰንበት ሐይቃቸው ዳር የሚንሸራሸሩት ኦቦ ጋሮማ አንድ ቀን ጥርሳቸው ይንገጫገጭ ጀመር። ባለቤታቸው ኤልሳቤት ይዛቸው ጤና ጣቢያ ገባች።

«ኦቦ፣ ከየት ነው የመጡት?» አለች ኢየሩስ። ዛሬ ግን ዓይኗን አልሰበረችም።

ኦቦ ጋሮማ ሚስታቸውን አዩ። ነርሷን አዩ። «ከመተሐራ» አሉ።

«መቼ?» ያለችው ነርሷ አይደለችም፤ ኤልሳቤት ናት።

«ያን ሰሞን... ለሥልጠና ሱሉልታ ሄድኩ ያልኩሽ ጊዜ።»

«ሱሉልታ ወዲያ፣ መተሐራ ወዲህ! እዚያ ምን ልትሠራ?»

ኪኒኑ ተገኘ፤ ትዳሩ ታመመ። ቤት እንደ ገቡ ኦቦ ጋሮማ በሩን ዘግተው አንሾካሾኩ። «ኤልሲ፣ የትም አልሄድኩም። ቢምቢዋ የእኛው ናት፣ የጉድጓዱ።»

«እውነትህን ከሆነ ነገ ስብሰባ ላይ ተናገረዋ!»

ኦቦ ጋሮማ በአንድ ወገን ትዳራቸውን፣ በሌላው የከተማዋን ከፍታ አድርገው መዘኑ። በማግስቱ የሰፈሩን ሽማግሌዎች እነ ኦቦ ኢተፋን ለሽምግልና ጠሩና ራሳቸውን ደፍተው ተናዘዙ፦ «መተሐራ ሴት አለችኝ። በድያለሁ።»

ኤልሳቤት አለቀሰች፤ የትናንቱንም ሹክሹክታ ለማባበያ የተፈጠረ ውሸት አድርጋ ቆጠረችው። ሽማግሌዎቹ ኦቦ ጋሮማን ጉልበቷን አስሳሙና ሁለተኛ መተሐራን እንዳይረግጡ አስማሉ። መሐላው አልከበዳቸውም፤ መተሐራን በሕይወታቸው ረግጠው አያውቁም። ባልደረቦቻቸውም ለከተማ ክብር ሲል ስሙን ያጎደፈ መሪ ብለው በየቢሮው አሞገሷቸው።

ጥቅምት ላይ ትኩሳቱ ተመለሰ። አልጋው ከነኦቦ ጋሮማ ሲርገፈገፍ ኤልሳቤት ሐኪም አልጠራችም፤ ከቁም ሳጥኑ ላይ ሻንጣዋን አወረደች።

«የትም አልሄድኩም!» ብለው ኦቦ ጋሮማ ጎረቤት እስኪሰማ ጮኹ። «ወባው የዚሁ ነው! የጉድጓዱ ነው! አዴ ወርቅቱን ጠይቂያቸው!»

«ጠይቄያቸዋለሁ» አለች ኤልሳቤት ልብሷን እያጣጠፈች። «እሳቸውም ከመተሐራ ነው ያመጡት።»