ሊቀ እንጉዳይ አጎት ሌንግ

መንደር ያለ ጉድጓድ ሊኖር ይችላል፤ ያለ ሁሉን አዋቂ ግን ኖሮ አያውቅም። ጉድጓድ ቢጠፋ ውሃ ከወንዝ ይቀዳል። ሁሉን አዋቂ ቢጠፋ ግን ሰው የተሳሳተውን ማን ይነግረዋል? ደግሞስ ሳይሳሳት በፊት ማን ያሳስተዋል?

የእኛ መንደር ሊቅ ክቡር አጎት ሌንግ ዴፉ ናቸው። እጃቸውን ከኋላ አጣምረው፣ አገጫቸውን ቀና አድርገው ይሄዳሉ። ለሥጋ ሻጩ ቢላ አያያዝ፣ ለሐኪሙ ልብ ማዳመጥ፣ ለሙሽራዋ አረማመድ ያስተምራሉ። ሻይ ቤት ሲገቡ ማጆንግ አይጫወቱም፤ ከተጫዋቾቹ ጀርባ ይቆሙና የአራቱንም ይጫወቱላቸዋል። አራቱም ከተሸነፉ (እሳቸው ባሉበት ይህም ይሆናል) የቀርከሃ ወንበር ስበው ይቀመጡና ሻያቸውን እፍ እያሉ፣ "እኔ ብናገር ማን ይሰማኛል?" ይላሉ። ከንጋት ጀምሮ አፋቸው አልተከደነም።

የበግ ጨጓራ እንጉዳይ ወደ ማሳችን ሲመጣ የአጎት ሌንግ እውቀት እንደ ክረምት ጎርፍ ሞላ። ይህ እንጉዳይ ራሱ ላይ ልክ እንደ ጨጓራ የተቦረቦረ ነው። አያቶቻችን ተራራ ላይ በዕድል ነበር የሚያገኙት። ዛሬ እኛ የሲቹዋን ገበሬዎች ሩዙን አጭደን በዚያው መሬት ላይ እንዘራዋለን። በጥቁር መረብ እናጠላለታለን፤ የተቀቀለ ስንዴ የሞላ ከረጢት በአንድ ጎኑ ቀደን፣ ቀዳዳውን ወደ አፈሩ ደፍተን እናስቀምጥለታለን። ከአፈር በታች ያለው ስውር ነገር ስንዴውን ይበላል። አንድ ጠዋት መሬቱ ዱቄት የተነሰነሰበት መስሎ ይነጣል። በየዓመቱ አየዋለሁ፤ በየዓመቱ አፌን ከፍቼ እቀራለሁ፤ ግጥምም እገጥምለታለሁ።

አጎት ሌንግ ግን አይገርማቸውም። የሁሉንም ሰው መረብ ገልጠው ይገባሉ። "ለማየት ብቻ ነው" ይላሉ፤ ከዚያ አንዱን "ውሃ ጨምር"፣ አጥር የሚጋራውን ጎረቤቱን ደግሞ "ውሃ ቀንስ" ብለው ይወጣሉ። የማን እንደሚበቅል አይታወቅም እንጂ፣ የበቀለለት ሰው ምክራቸውን የሰማ እንደሚሆን ግን አስቀድሞ የታወቀ ነው።

ባለፈው መከር እህቴ ፔይዩ ከባሕር ዳርቻው የጫማ ፋብሪካ ተመለሰች። ብዙ ዓመት ርቃ ስለኖረች የገዛ ልጇ መጀመሪያ ላይ "አክስት" ብላ ነበር የጠራቻት። ፔይዩ በማግስቱ ማሳ ተከራየች፣ መረብ ገዛች፣ ዘራች። "ከበቀለልኝ እቀራለሁ፤ ካልበቀለ ከፋኖስ በዓል በኋላ ወደ ፋብሪካዬ እመለሳለሁ" አለች።

መሬቷ እንደ ሌላው ሰው መሬት ሁሉ ነጣ። ከዚያ ንጣቱ ጠፋ፤ ከዚያ ምንም የለም። አዲስ ዓመት ሲያልፍ የጎረቤቶቻችን መደብ በእንጉዳይ ተሞላ፤ ነጋዴዎች በር እያንኳኩ መለመን ጀመሩ። የእሷ አፈር ዝም አለ።

አጎት ሌንግ መረቡን ገልጠው ገቡ።

"ዘግይተሽ ነው የዘራሽው፣ ፔይዩ።"

"አጎቴ፣ እርስዎ ዝሪ ያሉኝ ቀን እኮ ነው የዘራሁት።"

"ቀኑማ ልክ ነው። ሰዓቱ ነው የተሳሳተው።"

"እና አይበቅልም ማለት ነው?"

አጎት ሌንግ አፈሩን አዩ፤ እህቴን አዩ። ከኋላ ያጣመሩትን እጃቸውን ፈቱ።

"ይበቅላል። ካልበቀለ ሌንግ አይደለሁም።"

"ታዲያ ማን ብለን እንጥራዎት?" አልኩ።

"አንተ ገጣሚው፣ ዝም ስትል ነው የሚያምርብህ።"

የአዲስ ዓመቱ መዝጊያ፣ የፋኖስ በዓል፣ አለፈ። ፔይዩ ሻንጣዋን አዘጋጀች። በማግስቱ ጠዋት መረቡን ልናወርድ አብረን ሄድን። ገልጠን ስንገባ መግቢያው ላይ እንጉዳዮች ቆመዋል፤ ትልልቅ፣ ወፋፍራም፣ እንደ ተማሪ ሰልፍ ቀጥ ብለው የተደረደሩ። እንዲያውም አንዱ ዘር ባልወደቀበት የውሃ መውረጃ ቦይ ውስጥ ቆሟል።

እኔ ተአምር አየሁ ብዬ ደርቄ ቀረሁ። እህቴ ተንበርክካ አንዱን ነካ ስታደርገው ወደቀ። አገላብጣ አየችው። እግሩ በቢላ ተቆርጧል፤ ገበያ ለሚወጣ እንጉዳይ እንደሚደረገው፣ ጥርት ተደርጎ።

"የአጎት ሌንግ ናቸው" አለች። ከዚያ ሳቀች፤ ግንባሯ መሬት እስኪነካ ሳቀች። "ሰውዬው ስማቸውን ከሚቀይሩ የማሳቸውን እንጉዳይ እዚህ መትከል ይሻላቸዋል።"

ግንባሯን ሳታነሳ ሳቋን ድንገት ገታች። የምታለቅስ መስሎኝ ነበር።

"ና እስኪ፣ ጎንበስ በል" አለችኝ በሹክሹክታ።

ጎንበስ አልኩ። አፈሩ ላይ፣ ቆሞ ለሚሄድ ሰው ዓይን የማይገቡ፣ ከሰናፍጭ ፍሬ የማይበልጡ ግራጫ ነጥቦች ፈሰው ነበር። በመደቡ ሙሉ። ማንም ያልተከላቸው እንጉዳዮች።

መረቡን አላወረድንም። ከዚያ ያገኘችው ምርት የሚዘፈንለት አልነበረም፤ ግማሹ መደብ ባዶ ቀርቷል። ለሌላ ዓመት ዘር ግን በቅቷል።

ያን ዕለት ቀትር ላይ እህቴ የአጎት ሌንግን እንጉዳዮች በዶሮ መረቅ ቀቅላ ራሳቸውን ጋበዘቻቸው። መጡ፤ ተቀመጡ፤ ዓይናቸውን ጨፍነው አላመጡ።

"እንዴት ነው፣ አጎቴ?"

"መጥፎ አይደለም። የእኔን ያህል ግን አያውድም። አፈርሽ ነው፣ ደከም ያለ ነው።"

"እውነትዎን ነው። ከእርስዎማ ማን ይደርሳል" ብላ ጨመረችላቸው። እኔ ሳቄን ለመደበቅ ፊቴን ሳህኔ ውስጥ ቀበርኩ። ቀና ስል ግን እኚህን ሰው በሌላ መንደር ሊቃውንት ሁሉ እንደማልለውጣቸው አወቅሁ።

አጎት ሌንግ በዚህ መሃል ወደ ትንሿ የእህቴ ልጅ ዞረው ነበር። ከራሳቸው ሳህን ትልቁን እንጉዳይ አንስተው ሳህኗ ላይ አኖሩላት፤ እሷም በመብሊያ እንጨቶቿ ልታነሳው ስትታገል አፍጥጠው አዩዋት።

"የዚች ልጅ እንጨት አያያዝ ልክ አይደለም" አሉ። "ይሄ በአንድ ቀን የሚቃና አይደለም። እናቷ በየቀኑ አጠገቧ ተቀምጣ ታስተምራት።"

ይህን የአጎት ሌንግን ምክር እህቴ ሳትከራከር ተቀበለች፤ ያን ማታ ሻንጣዋን ፈታች።