የጋሽ ደምሴ ማዞሪያ የታሰረች ዕለት

ሰው አንዴ አስተካክሎ እርግፍ አድርጎ ቢተወው ደስ የሚለው ነገር ብዙ ነው። የአህያ ጭነት፣ የጣራ ቆርቆሮ፣ የሚስት ኩርፊያ። እናንተስ ብትሆኑ፣ ሬዲዮአችሁ ጣቢያውን ጥርት አድርጎ ከያዘ በኋላ ልጅ እንዳይነካው የምትቆጡት ለዚህ አይደል? ግን ዕቃው ባለበት ቢቆምም ዙሪያው አይቆምም። ይህን ያወቅሁት ከትምህርት ቤት አይደለም፤ ትምህርቱን ከሰባተኛ ክፍል ነው የተውኩት። አንኮበር ሞተር ቤት የናፍጣ በርሜል ሳንከባልል ነው።

ያኔ ለከተማችን መብራት የሚሰጠው አንድ የቀበሌ ጄኔሬተር ነበር፤ ሲመሽ ይነሳል፣ ሰው እራቱን በልቶ ትንሽ ሲያወራ ይጠፋል። ሞተረኛው ጋሽ ደምሴ ነው። ፊቱ ቮልቱን የምታሳይ መርፌ አለች፣ እጁ ሥር ደግሞ የቮልቱ ማዞሪያ። ሰው መብራት ሲያበራ መርፌዋ ትወርዳለች፣ እሱ ከፍ ያደርጋታል። ሰው ሲያጠፋ ትወጣለች፣ አምፖል እንዳይቃጠል ዝቅ ያደርጋታል። በቃ፣ ሥራው ይኸው ነው። ሞተሩ እስኪጠፋ ድረስ ግን ከዚያች መርፌ ፊት ንቅንቅ የለም።

እኔን የሚገርመኝ፣ መርፌዋ የከተማውን ወሬ ታወራ ነበር። ሽቅብ ዘለል ስትል ጋሽ ደምሴ ጠጅ ቤቷ ዘጋች ይላል። ቁልቁል ዘጭ ስትል የቀበሌው አዳራሽ ተከፈተ፣ ስብሰባ አለ ይላል፤ የአዳራሹ አምፖልና ድምፅ ማጉያ የሠፈሩን ሁሉ ያህል ይበላል። በትከሻው ላይ አንገቴን አስግጌ ሳይ አመሻለሁ። አንድ ቀን እኔ ልያዛት ስለው፣ ቀን በርሜል ስትገፋ ውለህ መርፌ እያየህ ታንቀላፋለህ አለኝ። እውነቱን ነው። አንቀላፋለሁ።

ከዚያ ሁለተኛዋ ልጁ የሺ ልትዳር ሆነ። የመጀመሪያዋ ስትዳር ሞተሩን ጥሎ መሄድ ስላልቻለ፣ ሙሽሪት ሞተር ቤት ድረስ መጥታ ነው ጉልበቱን የሳመችው። መረቃት። ምን ብሎ እንደመረቃት ግን እሱና ሞተሩ ብቻ ናቸው የሚያውቁት፤ ጩኸቱ ዋጠው። የቀሚሷ ጫፍም ግሪስ ጠጣ። ሚስቱ እትዬ አስካለ ይህን አልረሳችም።

«የሺን ሞተር ቤት አልልካትም» አለችው። «አባት ካላት ዳስ ውስጥ ቁጭ ብሎ ይመርቃት። ከሌላትም ልወቀው።»

ጋሽ ደምሴም ማዞሪያዋን ሲያይ ሰነበተ።

መላውን ያገኘው ራሱ ነው። የሰርጉ ዕለት ማታ አዳራሹ ውስጥ ስብሰባ አለ። ስብሰባችንን መቼም ታውቁታላችሁ፤ የቀበሌው ሊቀመንበር ንግግሩን የሚያቆመው ሞተሩ ሲጠፋበት ነው። ስለዚህ አዳራሹም ዳሱም እንደበሩ ካመሹ ጭነቱ አይለዋወጥም፤ ጭነቱ ካልተለዋወጠ ማዞሪያዋን ማን ይነካታል? ሁለቱ እንደበሩ፣ ለሁለቱም እንዲበቃ የሞተሩን ፍጥነት ከወትሮው ጨመረ፣ መርፌዋን ሁለት መቶ ሃያ ላይ አቆመ፣ ማዞሪያዋን በሽቦ ጠፍሮ አሰራት። ፒንሳ ያቀበልኩት እኔ ነኝ። እንዲህ ማሰር ይቻል ነበር እንዴ ብዬ ጠየቅሁት።

«ሰው ባይነቃነቅማ ሁልጊዜ ይቻል ነበር» አለኝ።

ዳሱን ባያችሁት። በእኛ ዘንድ ሰርግ ሲሆን ጎረቤት አግዳሚውንም ብርጭቆውንም ያውሳል። ያን ዕለት ግን የሞተረኛው ልጅ ናትና ሰው ሁሉ ከየቤቱ አምፖሉን እየነቀለ አመጣ፤ አምፖል ደብረ ብርሃን ተወርዶም በመከራ በሚገኝበት ጊዜ። ቤቱን አጨልሞ ሰርጉን አበራ። ሙሽራው ከእነዋሪ ሚዜዎቹን አስከትሎ ሲገባ፣ ከአልዩ አምባ የመጡ ነጋዴ ወዳጆቹ ማሻአላህ፣ እናንተ አገር ፀሐይ አትጠልቅም ወይ አሉ። ጋሽ ደምሴ ታጥቦ፣ ጋቢውን ደርቦ ቁጭ ብሏል። ዓይኑ ግን ከሙሽራው ይልቅ አምፖል አምፖሉን ነው የሚያየው።

ሊቀመንበሩ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ደግነት። የጓድ ደምሴ ሰርግ አያምልጠን ብሎ፣ አድርጎት የማያውቀውን፣ ስብሰባውን በአጭሩ ቋጨ። አዳራሹን አጥፍቶ፣ ቆልፎ፣ ተሰብሳቢውን እየመራ ወደ ዳሱ ተነሳ።

ከእነሱ ቀድሞ እኛ ዘንድ የደረሰው የመብራቱ ብርሃን ነው። ቀላ ያሉት አምፖሎች ነጭ ሆኑ፣ ከዚያ ሰማያዊ ቢጤ። የሰው ጥርስ ሳይቀር አበራ። ሴቶቹ አባት ለልጁ ያዘጋጀው መስሏቸው እልልታውን አቀለጡት። እሱ ብቻ ብድግ አለ። የዳሱ በር ሳይደርስ፣ ዷ ዷ ዷ፣ ጭልም።

«የት ልትሄድ ነው?» አለች እትዬ አስካለ በጨለማው ውስጥ።

«ሞተሩ…»

«ለማን ብለህ?»

እውነትም ለማን? የከተማው አምፖል እዚሁ ዳስ ውስጥ ተቃጥሏል፤ አዳራሹ ተቆልፏል። እኔ ሮጬ ሞተሩን አጠፋሁ። ስመለስ ፋኖስ በርቷል፣ ጋሽ ደምሴ ተመልሶ ተቀምጧል፣ የሺ ጉልበቱ ላይ ናት። ሞተር የለ፣ ጩኸት የለ፤ ምርቃቱ እስከ ታች ሠፈር ተሰማ።

«ቤትሽን ያብራልሽ» አላት።

አንድ ሰው ሳቀ። ከዚያ ዳሱ በሙሉ።

በማግስቱ ያኮረፈ አልጠፋም፤ ግን እልል ብሎ የተቀበለውን ምን ብሎ ይክሰስ? ለአዳራሹ ብቻ ናፍጣ አይቃጠልም ተብሎ ስብሰባው ወደ ቀን ዞረ። ጋሽ ደምሴም እንደ ሰው እራቱን ቤቱ ይበላ ጀመር። ከደብረ ብርሃን መኪና በመጣ ቁጥር ከተማው እየሮጠ አምፖል መጣ ወይ ይላል። እትዬ አስካለም እንደ ሰው ሁሉ ትጠይቃለች። አልመጣም ሲሏት፣ «ምን ያስቸኩላቸዋል» ትላለች።